ኩዌንካ ለመኖር ስንት ይበቃል?

ደቡብ አሜሪካ፣ ኢኳዶር ውስጥ ስላለችው ስለ ኩዌንካ ከተማ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቤት ኪራይ ነው። ኪራዩ ርካሽ መሆኑን ሲሰማ ሌላውም ወጪ በዚያው ልክ የሚወርድ ይመስለዋል። አይወርድም። ኢኳዶር ውስጥ አገሩ ያበቀለው ነገርና የሰው ጉልበት ርካሽ ነው፤ በመርከብ ተጭኖ የገባው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ከአሜሪካም ይወደዳል። የወሩን ሒሳብ የሚወስነው ኑሮው ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሲሠሩ ኖረው፣ ዜግነት ወስደው፣ አሁን ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የአሜሪካ ጡረታ የሚቀበሉትንና ቼካቸው ከኪራይ አላልፍ ያላቸውን ታላላቆቻችንን እያሰብኩ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚመጣ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ከመነሳቱ በፊት ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ግን ያለ ቪዛ ገብቶ 90 ቀን መቆየት ይችላል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የሚባል የለም። ኢኳዶር ሱክሬ የሚባለውን ገንዘቧን ትታ ዶላር የያዘችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ያኔ 25,000 ሱክሬ በአንድ ዶላር ተቀየረ። ስለዚህ ዶላር ይዞ የገባ ሰው ከምንዛሪ የሚያተርፈው ነገር የለም። ብር ሲወርድ ዶላር ላኪው እፎይ እንደሚለው ዓይነት እፎይታ እዚያ አይጠበቅም፤ ዋጋ ከጨመረ የሚጨምረው በዶላሩ ላይ ነው። በኤፕሪል 2024 የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ12 ወደ 15 በመቶ ሲወጣ ሁሉም ሰው ቀመሰው። ደግሞ የ50 እና የ100 ዶላር ኖት ሱቅም ታክሲም አይቀበልም፤ ከ20 በላይ የሆነውን ባንክ አስዘርዝሮ መያዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ እምብዛም የማይታየው የአንድ ዶላር ሳንቲም እዚያ የየዕለት መገበያያ ነው።

ለጡረተኛ የሚሰጠው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ 2 ዓመት ያገለግላል፤ ከ21 ወር በኋላ ቋሚውን መጠየቅ ይቻላል። የገቢው መስፈርት የአገሪቱ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ሦስት እጥፍ ነው። ደመወዙ በየጥር ስለሚከለስ መስፈርቱም አብሮ ይወጣል፤ በ2025 ደመወዙ 470 ስለነበር የሚጠየቀው 1,410 ዶላር ሆነ። ባል ወይም ሚስት በጥገኝነት ሲመዘገቡ በወር 250 ዶላር ይደመራል። ቼኩ 1,390 የሆነ ሰው በ2024ቱ ቁጥር ተማምኖ ወረቀት ማሰባሰብ ከጀመረ፣ ጥር ሲገባ ልፋቱ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ከመስፈርቱ ቢያንስ የመቶ ዶላር ትርፍ ከሌለ ጉዳዩን ከመስከረም በፊት አጠናቅቆ ማስገባት ይሻላል።

ብዙው ሰው የሚወድቀው ወረቀቱ ላይ ነው። ከኤፍቢአይ የሚወጣው ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤ የፌዴራል ሰነዶች ናቸው፤ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ በሌላ አገር እንዲታወቅ የሚለጠፈው ማረጋገጫ፣ የሚደረግላቸው ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ሜሪላንድ የተፈጸመ ጋብቻ ማስረጃ ደግሞ የሚሄደው ወደ ራሱ ወደ ስቴቱ ነው። ይህን አቀያይሮ የላከ ሰው ወረቀቱ ሳይነካ ተመልሶ ይመጣለታል፤ ያ ሁሉ ሳምንት ሲያልፍ ግን የኤፍቢአዩ ማስረጃ ዕድሜ እየተቆጠረ ነው። 180 ቀን ካለፈው አይቀበሉትም። ስለዚህ ቀርፋፋዎቹን ወረቀቶች አስቀድሞ፣ ኤፍቢአዩን መጨረሻ ላይ ማውጣት ነው። ወደ ስፓኒሽ የሚተረጎመውም አፖስቲሉ ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ የአፖስቲሉ ገጽም መተርጎም አለበት። ትርጉሙን እዚያው ኢኳዶር ማሠራት ይረክሳል።

የእኛ ሰው ብቻ የሚገጥመው ችግርም አለ፤ ስም። እዚያ አገር ሰው የአባቱንና የእናቱን የቤተሰብ ስም ይዞ ነው የሚመዘገበው። እኛ የአባትና የአያት ስም ይዘን እንሄዳለን፤ ባልና ሚስት ስማቸው አይገናኝም፤ አባትና ልጅ በመጨረሻው ስም አይመሳሰሉም። ጸሐፊው በክፋት አይደለም የሚጠይቀው፤ ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን አልሞላ ብሎት ነው። መፍትሔው ሰነዶቹ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም በመካከለኛ ስምነት ሙሉውን ተጽፎ ሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤው ላይ አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ከመነሳት በፊት ማስተካከል ነው። አዲስ አበባ የተፈጸመ ጋብቻ ከሆነ ደግሞ ቀኑን አጥብቆ ማየት ያስፈልጋል። የድሮ ማስረጃ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካስተላለፈው፣ ጋብቻው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ከልደት ቀን ጋር ሲተያይ ሙሽራዋ ልጅ ሆና የተዳረች ትመስላለች። ይህን እዚያ ሆኖ ለማስተካከል መሞከር መከራ ነው።

ቪዛው ሲወጣ ተራው የሴዱላ ነው፤ የመታወቂያ ካርዱ ማለት ነው። ከኢኳዶር ውጭ ጉዳይ የሚሰጠውን ትእዛዝ ይዞ ሲቪል መዝገብ ቤት ቀርቦ ይወጣል። ያለ ሴዱላ የባንክ ሒሳብም፣ የኢንተርኔት ውልም፣ የሕዝብ ጤና መድንም አይገኝም። እስከዚያ ድረስ የሚኖረው በአሜሪካ ባንክ ካርድ ስለሆነ፣ በውጭ ኤቲኤም ክፍያ የማያስከፍል ሒሳብ ከመነሳት በፊት መክፈት ብልህነት ነው።

ወደ ወሩ ሒሳብ ልምጣ። ለባልና ሚስት፣ ከመሀል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ያልተሟላ አፓርትማ 400 ዶላር ያህል ነው፤ ዕቃው የተሟላለት 550 እና ከዚያ በላይ። በኪራዩ ላይ አሊኩዎታ የሚሉት የጋራ መኖሪያ መዋጮ አለ፤ ለጥበቃና ለጽዳት ነው፤ 45 ልበለው። ማስታወቂያዎች ይህን ስለማይጠቅሱ ኪራዩ ውስጥ ይግባ አይግባ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መብራት 25፣ ውሃ 12፣ ጋዝ 6፣ ኢንተርኔት 30፣ ሁለት ስልክ 20። ምግብ ከገበያ ለሚገዛ 350። አውቶቡስና ታክሲ 70። የጤና መድን ለሁለት 200 ቢያዝ፣ ድምሩ 1,158 ዶላር ይመጣል። ይህ ግምት እንጂ ደረሰኝ አይደለም፤ በዓመት አንዴ ልጆችን ለማየት የሚገዛው የአውሮፕላን ትኬትም አልገባበትም። አይብ፣ ወይን፣ የታሸገ የአሜሪካ ምግብና አዲስ ስልክ የሚወድ ሰው በቀላሉ 600 ይጨምርበታል።

የመጀመሪያው ወር ለብቻው መታሰብ አለበት። ቅድሚያ ኪራይና የአንድ ወይም የሁለት ወር ማስያዣ ይጠየቃል። ፍሪጅ፣ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ በቀረጥ ምክንያት ውድ ናቸው። ለቪዛው ማመልከቻ 50፣ ለፈቃዱ 270 ዶላር ይከፈላል። ጠበቃ ከተያዘ ያ ሌላ ነው። ከ5,000 ዶላር ባነሰ ጥሪት መጀመርን እኔ አልመክርም።

ጋዝ ለብቻው ይነሳ። የቤት ሲሊንደር 15 ኪሎ ነው፤ መንግሥት ስለሚደጉመው ኦፊሴላዊ ዋጋው 1.60 ሲሆን እቤት ድረስ ሲመጣ ሦስት ዶላር ገደማ ይደርሳል። መኪናው ጥሩምባ ወይም ሙዚቃ እያሰማ በሰፈሩ ይዞራል፤ ማስቆም ነው። ይኸው ሲሊንደር ካሌፎን የሚባለውን የሻወር ውሃ ማሞቂያ ያነዳል። ካሌፎን የሚለኮሰው ውሃው በበቂ ግፊት ሲያልፍበት ነው፤ ቧንቧውን ቀስ አድርጎ የሚከፍት ሰው ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀርና ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ብዙዎቹ እሳት የሚጭሩት በሁለት ወፍራም ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ባለሙያ ከመጥራት በፊት ድንጋዩን መቀየር። ከሁሉ በላይ ግን ቤት ሲታይ ካሌፎኑ የት እንደተሰቀለ ማየት ነው። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ወይም የተዘጋ ጓዳ ውስጥ ከሆነና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ከሌለው ይገድላል፤ የከሰል ጭስ ማታ በተዘጋ ክፍል የሚያደርገውን እናውቃለን። ያን ቤት መተው ነው።

ምጣድስ? የኢኳዶር መብራት 120 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የተገዛ ምጣድ እንዳለ ይሠራል፤ 1,500 ዋት የሚስብ ከሆነ ግን በአሮጌ ቤት ሽቦ ላይ ከማንቆርቆሪያ ጋር አንድ ላይ ሲሰካ ቆጣሪው ይወርዳል። ከአዲስ አበባ የመጣው የ220 ምጣድ በ120 ቢሰካ ከሙቀቱ ሢሶ እንኳ አይሰጥም፤ እንጀራው ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። መንግሥት ከ2014 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያስፋፋ ስለነበር አንዳንድ ማዕድ ቤት ውስጥ የ220 መስመር ይገኛል፤ ቤት ሲታይ ይህንንም መጠየቅ ነው። ጤፍ ገበያ ላይ አይጠበቅም። ዘር የሆነ ነገር፣ የጤፍ ፍሬም ኮረሪማም፣ በኳራንቲን ቁጥጥር ሊወሰድ ስለሚችል ተፈጭቶ በፋብሪካ የታሸገውን መያዝ ይሻላል። ኩዌንካ ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች። ስለሚበርድም ሊጡ ለመኮምጠጥ ይዘገያል። ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሽንብራ ያለ ፕሬሸር ኩከር ጋዝ ይጨርሳሉ። ለእኛ ሰው አየሩ አይከብደውም፤ ከተማውን የከበበውም ባሕር ዛፍ ነው። ምግብ ማብሰል ለሰለቸው አልሙዌርሶ የሚባለው የቀትር ምሳ፣ ሾርባ፣ ሩዝ ከሥጋ ጋርና ጭማቂ፣ ከሦስት ዶላር ብዙም አይበልጥም።

ጤናው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ብዙዎች «ካልተጠቀምኩበት ለምን እከፍላለሁ» ብለው በየወሩ የሚከፈልበትን የሐኪም ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ ያቋርጣሉ፤ ሲመለሱ ግን ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት እየተጨመረ ዕድሜ ልክ ይከፈላል። ከባድ ሕመም ቢመጣ አሜሪካ ተመልሶ መታከም ያሰበ ሰው ባያቋርጠው ይሻላል። የኢኳዶር የሕዝብ መድን በፈቃደኝነት ሲገባበት መዋጮው ካስመዘገቡት ገቢ 17.6 በመቶ ነው። የሚቀበሉት ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ፣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አይሆንም፤ ከአሜሪካ 30 ቀን ሙሉ ሲወጡ ይቆማል።

በ2024 መጨረሻ ወራት ድርቅ ግድቦቹን አድርቆ መብራት በቀን እስከ 14 ሰዓት ጠፍቶ ነበር፤ የጋዝ ምድጃ የመረጠ ሰው ያኔ ቢያንስ ወጡን ሠርቷል። ጸጥታውም ቀላል አይደለም። በጃንዋሪ 2024 መንግሥት በወንጀለኛ ቡድኖች ላይ የውስጥ የትጥቅ ግጭት ብሎ አውጇል። የባሕር ዳርቻው፣ በተለይ ጓያኪልና ኤስሜራልዳስ፣ ከኩዌንካ እጅግ ይከፋል።

ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይያዝ። ኢኳዶር ከአገር በሚወጣ ገንዘብ ላይ፣ ከነፃው ጣሪያ በላይ፣ 5 በመቶ ታስከፍላለች። ጡረታውን ሙሉ በሙሉ ኩዌንካ ባንክ አስገብቶ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው በገዛ ገንዘቡ ይቀረጣል። ቼኩ አሜሪካ ባለው ሒሳብ ይግባ፤ የአዲስ አበባው ከዚያው ይላክ፤ ወደ ኩዌንካ የሚሻገረው የወሩ ወጪ ብቻ ይሁን።