ልጄ ስታነብ ብዬ የላክሁት ቪዲዮ

ባለፈው ገና መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ አብራኝ ያደገች አንዲት ሴት ልጄን አቅፋ «አሜሪካ ተወልዳ እንግሊዝኛ ማንበብ እንዴት ያቅታታል? የእኛዎቹ እንኳን ይሞካክሩታል እኮ» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ቃል አጥቼ ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያን ዕለት ያልመለስሁላትን አሁን ልጽፈው፤ ልጄ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር አለባት።

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት የሥዕል መጽሐፍ ይዛ ገጽ በገጽ ስታወርደው በስልኬ ቀርጬ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። እናቴ እልል አለች። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ለመንደሩ ሁሉ አሳየች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤቱ ጠራኝ። መምህሯ ያንኑ መጽሐፍ አምጥታ፣ ሥዕሉን በወረቀት ሸፍና፣ ከመካከል ገለጠችላት። ልጄ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ቃል አልዘለለችም። የምትለው ነገር ግን እዚያ ገጽ ላይ የለም። መጽሐፉን በቃሏ ይዛዋለች። እየጨረሰች ቀና ብላ ስታየኝ፣ እንደ ሌላው ጊዜ እንዳጨበጭብላት ነበር የጠበቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ይህንኑ ነገር ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቼው ማለፌ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቄስ ትምህርት ቤት ሲገባ ሀ ሁን እስከ ፐ እንደ ውኃ ያወርደው ነበር። ስንደዶው አንድ ፊደል ላይ፣ አፉ ሌላ ፊደል ላይ። አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የለመደው ቅደም ተከተል ይበጠሳል፤ በቃሉ የያዘውና ፊደሉን የለየው ልጅ እዚያ ላይ ይለያያሉ። አባቶቻችን መፈተኛውን ያውቁት ነበር ማለት ነው። ፈተናውን ለወደቀ ልጅ የነበራቸው መድኃኒት ግን አለንጋ ነበር። ወንድሜ «ደንቆሮ» ተብሎ በግ ጥበቃ ወጣ። ያ ደንቆሮ የተባለው ልጅ ዛሬ የመንጋውን እናትና ግልገል በመልክ እየለየ ይጠራል፤ የሰማውን ተረት ዓመት ቆይቶ ሳያዛንፍ ይደግመዋል።

ልጄን የመረመረችው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው። «‹ካት› (ድመት) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ስንት ድምፅ አለ?» ሁለት አልኋት፤ ካ እና ት። ሦስት ነው አለችኝ፤ ክ፣ አ፣ ት። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ቋጥሮ ስለሚሰጠን ቋጠሮውን ፈትቼው አላውቅም ነበር። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደላት ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ይጽፋል፤ ልጁ የሰማውን ቃል እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ካልነጣጠለው የትኛው ፊደል የትኛውን ድምፅ እንደያዘ አይገባውም። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጆሮው ደኅና ነው፣ አእምሮውም ደኅና ነው፤ ቃሉ ግን እንደ አንድ ድፍን ነገር ይመጣበታል።

ከዚያ የማይታወቁ ነገሮች ሥዕል አሳይታ የፈጠራ ስም አወጣችላቸው። ልጄ የትኛው ለምን እንደሚያገለግል፣ ቀለሙን፣ ቅርጹን አልረሳችም። ስማቸው ብቻ ጠፋባት፤ ወይም ድምፁ ተቀያይሮ መጣ። ትርጉሙን ይዛ ስሙን ታጣለች። ቤት ውስጥ «ያ ዱቄት የሚነፉበት» እያለች ወንፊት የምታመጣልኝ ለዚህ ኖሯል፤ እኔ ግን አማርኛዋ ስለደከመ ይመስለኝ ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ስለ እንዲህ ያለ የ14 ዓመት ልጅ የጻፉት በ1896 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት ነው። መምህሩ ስለ ልጁ ሲናገር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ የሚበልጠው አይኖርም ነበር ብሎ ነበር። ሐኪሙ ችግሩን የዓይን ትውስታ አድርገው ነበር የቆጠሩት፤ ወደ ድምፁ ጉዳይ የተመለሱት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን ሁሉ ነገር የተሟላ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ምርመራ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ «ሁለት ቋንቋ ስለምትናገር ነው፣ ይለቃታል» ሲሉኝ ከርመዋል። አማርኛውን ተዉት ተብዬም ተውሁት። ሁለት ቋንቋ ዲስሌክሲያ አያመጣም። አማርኛውን በመተዌ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ልጄ ከአያቷ ጋር ስልክ ላይ ዝም ብላ መተያየቷ ነው፤ ያንን ዓመት ማንም አይመልስልኝም። የእኛ ሰው ደግሞ በበኩሉ «ቡዳ በልቷት ይሆናል፣ ጸበል አስጠምቂያት» አለኝ። ጸበሉን አስጠመቅኋት፤ ድምፁን ግን መማር ነበረባት።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ ስሙኝ። ልጃችሁ አገር ቤት ፊደል ያስቸገረው ከሆነ፣ ከቤተሰብም እንዲህ የሆነ ሰው ካለ፣ አትደብቁ፤ ነገሩ በዘር ይሄዳል። አሜሪካ ከሆናችሁ ምርመራውን ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍያ የለውም፤ ፈቃዱን ከፈረማችሁ በኋላ ክፍለ ግዛቱ ሌላ ገደብ ካላወጣ በ60 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ያልገባኝን ወረቀት ፈርሜያለሁ።

ልጄ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀስ እያለች፣ ድምፁን በጣቷ እየቆጠረች ታነባለች። በዚያው በገና ሰሞን እናቴ በረንዳ ላይ ገብስ ስትወቅጥ አይታ «ሙጨቃውን ልሞክር» አለች። የጎረቤት ልጆች በሳቅ ወደቁ። ወንድሜ አልሳቀም። ባናውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ ተነሣ፣ ከእናቴ እጅ ዘነዘናውን ተቀበለና ሦስት ጊዜ መታ፤ ሙ፣ ቀ፣ ጫ። አሁንም ደገመው። በሦስተኛው ልጄ አብራው አለችው። ባለሙያዋ ጠረጴዛ እየመታች የምታስተምራትን፣ ማንም ሳይነግረው አደረገው።

«ይኼኛውስ ምንድን ነው ስሙ፣ አጎቴ?» አለችው በእጁ የያዘውን እያሳየች።

ዘነዘናውን አቀበላትና «አንቺ ምቺው፣ እኔ ልበል» አላት። አራት ጊዜ መታች።