«ታማኝ ነህ» እያሉ በር ላይ ሊያቆሙኝ ነበር

ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ጅማ ስመለስ፣ ሥራ የጠየቅኩት ሁሉ አመሰገነኝ። «ወታደር ታማኝ ነው፤ ሰዓት ያከብራል» ይሉኛል። የሚሰጡኝ ሥራ ግን አንድ ነው፤ ጥበቃ። ጥበቃ የተከበረ ሥራ ነው። እኔ ግን ያገለገልኩት ስንቅና ትጥቅ ክፍል ነው። በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ባለችው አብዬ ግዛት ለሰላም ማስከበር ሳለን፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ዱቄት፣ ዘይትና ነዳጅ ማስገባት የኛ ሥራ ነበር።

ሰው ወታደር ሲባል የሚታየው ጠመንጃ ነው። አልፈርድም። ዛሬ ቀጣሪ የሆነው ትውልድ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎች ለልመና ሲወጡ አይቷል። እነዚያም ውስጥ ግን መካኒክ፣ ነርስ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ስንቱን ጠየቅነው?

የሥራ ልምዴን እንደገና ጻፍኩት። ማዕረጌን ታች አወረድኩ፤ የሠራሁትን ላይ አወጣሁ። ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረጌን፣ ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ) መያዜን፣ ቆጠራ መምራቴን በግልጽ አሰፈርኩ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናም ወሰድኩ። የሠራዊት ማስረጃ ግራ የሚያጋባው ቀጣሪ ሲኦሲን ያውቀዋል።

አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ደግሞ ስለ ደሞዝ ሳናወራ መጋዘኑን ልቁጠርልህ አልኩት። ጆንያው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሲሚንቶው ላይ ተደርድሯል። በደንብ የደረቀ ቡና እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ነው። የጅማ ክረምት ሲገባ ግን ከወለሉም ከግድግዳውም እርጥበት ይስባል፤ ከዚያ ሻጋታ ነው። ከሥር ጣውላ አስነጠፍኩ፣ ከግድግዳ አራቅኩት፣ መሃል መተላለፊያ ከፈትኩ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ እያንዳንዱ ድርድር ላይ ቀን ለጠፍኩ። በዱቄት የተማርኩትን ነው ቡና ላይ ያዋልኩት።

«ይሄን የት ተማርክ?» አለኝ።

«ሠራዊት ቤት፣ ጋሼ።»

መጋዘኑን ከያዝኩ በኋላ የከበደኝ ሌላ ነው። ጫኝና አውራጆቹ «አሁን ይጮህብናል» ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ስንቅ ክፍል የሚጮህ ሰው ቆጠራ ይሳሳታል፤ ይህን የሚያውቅ የለም። በቃል ብነግራቸው አያምኑኝም። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ፣ የዕለቱን ጭነት ከእነሱ ጋር ተመካክሬ መጀመር ነው የጠቀመኝ። ጊዜ ወስዷል።

አሁን ለጥበቃ የሚያመለክት የቀድሞ ወታደር ሲመጣ፣ «ምን ክፍል ነበርክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው የመጣው ልጅ የከባድ መኪና መካኒክ ሆኖ ተገኘ። የአይሱዙዎቻችንን ፍሬን የሚሠራው አሁን እሱ ነው።