ሦስት ቀን በባቦጋያ ዳር

ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ

ከቢሾፍቱ እንደተመለስሁ፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥሁት፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ የወር መዝጊያ ሒሳቡና የደመወዝ ዝርዝሩ ሦስቱን ቀን ከጭንቅላቴ ጠራርጎ እንዳያወጣብኝ ስለፈራሁ ነው። 49 ዓመት ሞልቶኛል፤ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሌላ ሰው አብስሎ እያቀረበልኝ፣ ማንም «የት ሄደሽ ነው?» ሳይለኝ የተቀመጥሁባቸውን ቀናት ልቁጠር ብል የማገኘው የአራስነት ጊዜዬን ብቻ ነው፤ ለሁለቱ ወንዶች አርባ አርባ ቀን፣ ለሴቷ ሰማንያ። በእኛ ዘንድ ሴት እንድትተኛ የሚፈቀድላት ስትወልድ ወይም ስትታመም ነው። ሳትወልድም ሳትታመምም ስለ ጤናዋ ልታስብ ሦስት ቀን ከቤቷ መራቋ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንኳ ገና አልተስማማንበትም። አዘጋጆቹ «ሪትሪት» ይሉታል። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደውዬ ስነግራት «ሱባዔ ልትገቢ ነው?» አለችኝ፤ ሐኪሞች የሚመሩት እንደሆነ ሳስረዳት ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው? ምን ደብቀሽኝ ነው?» ብላ ደነገጠች።

እውነቱን ለመናገር እኔም በሙሉ ልብ አልሄድሁም። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ቀድማ ተመዝግባ ስለጎተጎተችኝ ነው እሺ ያልሁት፤ ክፍያው የወር ደመወዜን ሲሶ ያህል ስለሚወስድ ለባለቤቴ ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ነግሬዋለሁ። የጠበቅሁትም ማሳጅ፣ የፊት ቅባትና ሐይቅ ዳር የሚነሡት ፎቶግራፍ ነበር። ዓርብ ጠዋት ዱከምን አልፈን ስንሄድ የጤፉ ማሳ ታጭዶ፣ አውድማ ላይ በሬዎች እየዞሩ ሲያበራዩ አየሁ። ይህን የምጽፈው ለእይታው ማማር ብዬ አይደለም፤ በማግስቱ የሰማሁት ነገር ወደዚያ አውድማ ስለመለሰኝ ነው።

ያረፍነው ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ ከእኛ ሞቅ ይላል፤ ሐይቆቿም ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ውኃ የሞላባቸው ናቸውና፣ ከአፋፉ ሆነው ቁልቁል ሲያዩዋቸው ድስት ውስጥ እንደተቀመጠ ውኃ ጸጥ ብለዋል። ሃያ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ትንሿ የ31፣ ትልቋ የ63 ዓመት። የሚመሩን አንዲት የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም፣ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ነበሩ። ስለ አራተኛዋ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ዓይናችንን ጨፍነን በቀስታ እንድንተነፍስ ባዘዘችን ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የቀሰቀሱኝም ማንኮራፋት ስጀምር ነው። ምናልባት ያስፈለገኝ እሱ ነበር።

ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት አልገቡም። ለእያንዳንዳችን ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አደሉንና «ለባልም፣ ለእኅትም፣ ለሐኪምም ነግራችሁት የማታውቁትን አንድ የሰውነታችሁን ነገር ጻፉ፤ ስም አይጻፍበት» አሉን። ከዚያም ወረቀቶቹን በሰፌድ ሰብስበው አንድ በአንድ ያነብቡ ጀመር። እኔ የጻፍሁት «ሌሊት በላብ ተነክሬ እነቃለሁ፤ ካንሰር እንዳይሆን እፈራለሁ» የሚል ነበር። የእኔ ከመነበቡ በፊት ያው ነገር ሦስት ጊዜ ተነበበ። አንዷ ቲቢ መስሏት ሁለት ጊዜ አክታ እንደተመረመረች ጽፋለች፤ ሌላዋ ምች መስሏት ዳማ ከሴ እየታሸች ነው። ሰፌዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ከዚያ ሐኪሟ ቃሉን አወጡት፤ ማረጥ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር «ያረጠች» ሴትን ሊያዋርዷት ሲፈልጉ የሚወረውሩት ቃል እንጂ የሕክምና ስም አልነበረምና አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ስለ በጋና ስለ ክረምት እንደሚያወራ ገበሬ ያለ አንዳች ማፈር ደጋግመው ጠሩት። የወር አበባ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር አንዲት ሴት አርጣለች ይባላል፤ ለብዙዎች ይህ የሚሆነው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰውነት ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲንገራገጭ ይቆያል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ እያለ ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ልብ የማይለውን ጥቂት ሙቀት እንደ ትልቅ ትኩሳት ይቆጥርና የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ላቡንም ያወርደዋል። ለአንዷ ጥቂት ወራት፣ ለሌላዋ ከሰባት ዓመት በላይ ይቆያል። ለጠናባት ሐኪም የሚያዝዘው የሆርሞን ሕክምና አለ፤ የጡት ካንሰር ለነበረባት ግን አይሰጥም። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ደግሞ ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ግማሽ ሰዓት ያህል አልሰማሁም። ሐሳቤ ደብረ ብርሃን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደነበርንበት ቤት ሄዶ ነበር። በኅዳር ውርጭ፣ ውኃ በባልዲ ውስጥ በረዶ በሚሠራበት ሌሊት፣ እናቴ ስስ ቀሚሷን ብቻ ለብሳ ወደ ግቢ ትወጣና የእህል መውቀጫው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያታለሁ። መጀመሪያ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ከአባቴ ጋር የተጣላች መሰለኝ። ጎረቤቶቻችን ዛር ነው አሉ፤ አባቴም ጠበል ወስዷት አንድ ወር ያህል ጧት ጧት ስትጠመቅ ከረመች። ጠበሉን እየነቀፍሁ አይደለም፤ ያ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያንስ ሳያሳርፋት አልቀረም። ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ከአያቴ ጀምሮ ይህን ያለፉ አምስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ እንኳ ወጥታ ድንጋዩ ላይ አብራት አልተቀመጠችም።

ቅዳሜ ጠዋት የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ተራ ነበር። ጤፍ የምንበላ ሰዎች ብረት አይጎድለንም የሚል ኩራት በውስጤ ነበረኝ፤ እሷ ግን ያንን የዓርቡን አውድማ አስታወሰችኝ። ጤፍ በራሱ ብረት ያለው እህል ቢሆንም፣ ሲለካ ከሚገኘው ከፍተኛ መጠን ከፊሉ መሬት ላይ በከብት ሲበራይ የተቀላቀለው አፈር ነው፤ የአፈሩን ብረት ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። የሊጡ መቡካት ግን ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንስ፣ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። አሳዛኙ ነገር ቡናው ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ጎመኑና ምስሩ ላይም ሎሚ መጭመቅ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም ካነሰ ደም ማነስ አለባት ይባላል፤ ጣታችንን ወግተው ሲለኩን የእኔ 11.2 ወጣ። በዚህ ዕድሜ የወር አበባው እየበዛ ሲመጣ ደምን ያሟጥጣል፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድካሜን በሥራ ብዛትና በልጆች ሳመካኝ ኖሬአለሁ። እንግዲህ አቦሉን ከምሳ አርቄ ማቆየት ይጠበቅብኛል፤ ከሦስቱ ቀን ትእዛዝ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ በዚያው ቅዳሜ እንኳ አልፈጸምሁትም።

ከሰዓት በኋላ ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ተነጋገርን። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው፤ የሚያመጣውም ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ሲሆን፣ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ዓመታት ስለሚወስድበት ቀድሞ ለመረመረው ጊዜ ይሰጣል። ምርመራው በአቼቶ ነው ሲሉን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ የማሕፀን በር ላይ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ ይቀቡና፣ የተለወጠ ሕዋስ ካለ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ሲሆን፣ ካረጡ በኋላ ግን የሚታየው ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዚህ መንገድ መመርመር ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሐኪሟ እኔን «ዛሬ ነገ አትበይ» አሉኝ። አንድም ቀን ተመርምሬ አላውቅም። ልጄ ግን ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር በትምህርት ቤቷ ተከትባለች፤ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ለእሷ ፈርሜ ለራሴ ለምን እንዳልሄድሁ አሁንም መልስ የለኝም።

ከሁሉ የሳቅነውና ከሁሉ ያዘንነው ግን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰዓት ነው። ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። «ስታስነጥሱ፣ ስትስቁ ወይም ከባድ ነገር ስታነሡ ሽንት የሚያመልጣችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። በመጨረሻ የ63 ዓመቷ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ እኔ ሠርግ ቤት እልልታ ካቆምሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ። ከዚያ በኋላ እጆች አንድ ሁለት እያሉ ወጡ፤ አሥራ አንድ ቆጠርሁ፤ የእኔም ነበረበት። ወጣቷ እንዳስረዳችን፣ ፊኛን፣ ማሕፀንንና ትልቁን አንጀት ከሥር ደግፈው የያዙት ጡንቻዎች እንደ ጠፍር አልጋ ናቸው፤ በወሊድ፣ በሸክምና በዕድሜ ብዛት ይረግባሉ፤ የረገበ ጠፍር ግን እንደገና ይወጠራል። ሽንት እንደያዘው ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ መሳብ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር ያህል በኋላ ስለሆነ ብዙ ሴት መንገድ ላይ ትተወዋለች። ማንም ሳያውቅብሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ልትሠሪው ትችያለሽ ስትለን፣ እኚያ እናት «ቅዳሴ ላይስ?» ብለው ጠየቁ። ይቻላል ተባሉ።

ቅር ያሰኘኝም አለ። ማረፊያ ቤቱ የራሱን የወይባ ጢስ አገልግሎት «ሰውነትን ከመርዝ ያነጻል» እያለ ያስተዋውቅ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ወይባው ደስ የሚል ወግ እንጂ መርዝ የሚያወጣ መድኃኒት አለመሆኑን፣ የደም ግፊት ያለባትም እንዳትገባ ነገሩን። ከዚያ የበለጠ የከነከነኝ፣ በአዳራሹ የተቀመጥን ሁላችን ሐኪም ቤት ለመሄድ ገንዘብ የማናጣ ሴቶች መሆናችን ነው። እኔ ሐይቅ ዳር ስለ ሸክም ስማር፣ ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን እየተሸከመች ሦስት ፎቅ የምትወጣው የቤት ሠራተኛዬ ናት፤ ሁለት ወልዳለች፤ ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት ስትኖር ስለ ጤናዋ የጠየቅኋት ጉንፋን ሲይዛት ብቻ ነው። ዛሬ ማታ እራት እያቀረበች ሳለ ሐሙስ ጤና ጣቢያ አብረን እንድንሄድ ነገርኋት፤ የምርመራውን ዓይነት ስነግራት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ «እርስዎ ከገቡ እኔም እገባለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ልቀር አልችልም።

ይህን ጽፌ ልተኛ ስል ለእናቴ ደወልሁ። 84 ዓመቷ ነው፤ እሑድ እሑድ ማታ ስልኬን ሳትጠብቅ አትተኛም። የሐይቁን ነገር፣ የምግቡን ነገር፣ ነነዌ አንድ ሳምንት እንደቀረው ተነጋገርን። ከዚያ እንደምንም ብዬ፣ «እማዬ፣ ያኔ ሌሊት ሌሊት ድንጋዩ ላይ ትቀመጪ የነበረው ይሞቅሽ ስለነበር ነው?» አልኋት። ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ።

«አንቺም ጀመረሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ጀመረኝ።»

«በይ እንግዲያው ጋቢ ሳትደርቢ እንዳትወጪ» አለችኝ፤ «እኔን የጎዳኝ ሙቀቱ አይደለም፤ ብርዱ ነው።»