ፌስታሉ ጋ ወራጅ አለ?

ትናንት እዚሁ ድሬዳዋ ከከዚራ ወደ ሳቢያን በባጃጅ እየሄድኩ ነው። ሰፈሬ ስንደርስ ሾፌሩ ዞር ብሎ «ፌስታሉ ጋ ወራጅ አለ?» አለ። የቱ ፌስታል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «አለ» ብላ ወረደች። እኔም ወራጅ ነበርኩ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ወርጄ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመለስኩ።

ግድግዳው የኔ ነው። ፌስታሉ የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ ላይ ነው። አማቴ ከሐረር ሊመጡ ነው ተባለ። ጁገል ያደጉ ሴት ናቸው፤ በዓል ሲደርስ ግድግዳ ካልተቀባ በዓሉ የደረሰ አይመስላቸውም። ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ልጁ መንገድ ዳር ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ነካ፣ እጁን ቶሎ አነሳ።

«አቦ፣ ይሄንን የከሰዓት ፀሐይ ነው የሚበላው። ጠዋት 12 ሰዓት በጥላው እጀምራለሁ፣ 4 ሰዓት አቆማለሁ። ሦስት ቀን ይፈጃል። ካልቸኮልክ ደግሞ ኅዳርን ጠብቅ። በሰኔ ከሰዓት ቀለም አይቀባም፣ ይጠበሳል።»

ከ4 ሰዓት በኋላ ምን ሊሠራ ነው? ድሬ ነው ያለነው፣ መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። የበርጫውን ሰዓት እኔ ልከፍልለት? አሰናበትኩት።

ስልኬን አየሁ። ዝናብ 0 ከመቶ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከጎኑ 36 ዲግሪ ይላል፤ እሱን እንደ ሰላምታ አለፍኩት። ደግሞ አጠገቡ የምትስቅ ፀሐይ ስለዋል። ለለንደን ሰው ፀሐይ ብትስቅ ደስ ይለው ይሆናል። ለድሬ ሰው በ36 ዲግሪ የምትስቅ ፀሐይ መላክ ስድብ ነው። ያውም 36ቱ የጥላው ሙቀት ነው። ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የልጁ መዳፍ ብቻ ነው። የቀለሙ ባልዲ ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ አይቀባ የሚል ጽሑፍ ነበረው። ያነበብኩት ባልዲውን ውሃ ስቀዳበት ነው።

ምሳ በልቼ 8 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሮለሩን ነክሬ ግድግዳው ጋ እስክደርስ ቀለሙ መጋገር ይጀምራል። ሁለተኛውን መስመር ሳስጠጋ የመጀመሪያው ደርቋል፤ በተገናኙበት ሁሉ ጠባሳ። ግድግዳው የሜዳ አህያ ሆነ። ውሃ ጨመርኩበት፣ ቀጥኖ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ተናድጄ ሁለተኛ እጅ ወፍራም አድርጌ ለጠፍኩበት።

10 ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንዳለ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሮለሩን ግን አላቆምኩም። ስገልጥ አንድ ጥቁር የጫት ፌስታል ግድግዳው መሃል ላይ ተለጥፏል። ነፋሱ አምጥቶት ይሆናል፤ በሮለር አራት ጊዜ ደጋግሞ ያጣበቀው ግን እኔ ነኝ።

ስስበው ቀለሙ እንደ እንጀራ ተነስቶ አብሮ መጣ። ለካ ግድግዳውን አቧራውን አላራገፍኩትም። ተውኩት። ሁለቱ ጆሮዎቹ ብቻ ነፃ ናቸው። ነፋስ ሲመጣ ላላፊ አግዳሚው ያውለበልባሉ። ልጆች በምላሹ እጃቸውን ያነሱለታል። ዕድሜ ልኬን በኖርኩበት ሰፈር እኔን እንዲህ ሰላም ያለኝ የለም። በግ የጠፋበት ሰው «ከፌስታሉ ወደ ላይ ነው የሄደችው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አማቴ መጡ። ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ «ጫቱን አውጥቶ ነው የቀባው?» አሉ።

ቀለም ቀቢው ለኅዳር ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ዋጋው ላይ «ፌስታል ማንሻ» ብሎ ለብቻው ጨምሯል። አልተከራከርኩም።

ዛሬ ጠዋት ጋዝ የሚያመጣልን አዲስ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ ቤቱ የት ጋ ነው?» አለኝ። በመስጊዱ ሞከርኩ፣ በሱቁ ሞከርኩ፣ አልገባውም። ባለቤቴ እንዳትሰማ ወደ ጓሮ ወጣሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ፌስታሉ ጋ» አልኩት።

«እእ! መጣሁ።»