የከተማ ውጊያ እቅድን በካርቶን ሣጥን እንዴት እንዳስተማርኩ

ለወጣት መኮንኖች የከተማ ውጊያ እቅድ እንዳስተምር ስመደብ መነሻ ያደረግኩት የቼቼንያ ዋና ከተማ ግሮዝኒን ነው። የሩሲያ የመከላከያ ሚኒስትር ፓቬል ግራቾቭ ከተማዋን አንድ የአየር ወለድ ሬጅመንት በሁለት ሰዓት ይይዛታል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የመጨረሻ ቀን ጦሩ ገባ፤ እስከ ባቡር ጣቢያው የዘለቀው 131ኛው የማይኮፕ ብርጌድ ግን ተከቦ ተመታ፤ አዛዡ ኮሎኔል ኢቫን ሳቪንም ወደቁ።

ተማሪዎቼ ምክንያቱን በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግኩ። ካርታውን አጥፌ አስቀመጥኩና ከካርቶን ሣጥን ሰፈር ሠራን፤ በየሣጥኑ ላይ ፎቆቹን በእርሳስ አሰመርን። ከዚያ የተኩሱን መስመር እንዲያሳየን ከታንኩ አፈሙዝ ክር ወጠርን። የሩሲያው ታንክ ቲ-72 መድፉን ወደ ላይ የሚያነሣው 14፣ ወደ ታች የሚያዘቀዝቀው 6 ዲግሪ ያህል ነው። ከሕንፃው 20 ሜትር ርቆ ሲቆም ክሩ ከ7 ሜትር በታች ይቀራል። አራተኛ ፎቅ ላይ አር.ፒ.ጂ (በትከሻ የሚተኮስ ፀረ ታንክ መሣሪያ) ይዞ የሚጠብቀው ተዋጊ ከክሩ በላይ ነው፤ ታንኩ አጠገብ ሲደርስ ምድር ቤት፣ ማለትም ከመሬት በታች ባለው ክፍል፣ ያለው ደግሞ ከክሩ በታች ይሆናል። ቼቼኖቹ የመጀመሪያውን ጥቃት የመከቱት በዚህ ክፍተት ጭምር ነው፤ ሩሲያውያኑም ለአየር መከላከያ የተሠሩትን፣ አፈሙዛቸው ወደ ላይ የሚቀናውን ሺልካና ቱንጉስካ የተባሉ ተሽከርካሪዎች ከታንኮቹ ጋር ያሰለፉት ለዚሁ ነበር።

አንዱ መኮንን «ታዲያ ታንኩ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ። የምጠብቀው ጥያቄ ነበር። እግረኛው ቀድሞ ሕንፃውን ይይዛል፤ ታንኩ ከኋላ ሆኖ ይደግፈዋል።

ከዚያ ወዲህ እቅድ የምናወጣው ከሰዓትና ከጎዳና ተነሥተን ሳይሆን ከሕንፃ ተነሥተን ነው። መስቀለኛ መንገዱን የሚገዛው የትኛው ነው? ማን ይይዘዋል? ከተያዘ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጦር ይበላል፤ ብዙ እቅድ የሚፈርሰውም እዚህ ነው፤ ጠላት በተፈተሸው ሕንፃ ተመልሶ ከኋላ ይመታልና። የቁስለኛ መመለሻ መንገድም ከመግቢያው ጋር አብሮ ይታቀዳል።

ከሁሉም አጥብቄ የምይዘው የሰላማዊውን ሰው ጉዳይ ነው። በግሮዝኒ መሃል ከቀሩት ብዙዎቹ የሚሸሹበት የገጠር ዘመድ የሌላቸው ሩሲያውያን አዛውንት ነበሩ፤ በገዛ አገራቸው ጦር ድብደባ ምድር ቤት ውስጥ አለቁ። ስለዚህ ነዋሪውን በአባሪ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ እቅድ አልቀበልም። ወደ ምድር ቤት ቦምብ ከመወርወሩ በፊት ውስጥ ማን እንዳለ በነዋሪው ቋንቋ የሚጠይቅ ሰው በስም ካልተመደበበት፣ እቅዱን ለአዘጋጁ እመልሳለሁ።