ፌንታኒሉ የሚገባው በኬላው ነው

ባለፈው ሰመር ሳን ዲዬጎ እህቴ ጋ ሄጄ፣ ድንበሩን ተሻግረን ሜክሲኮ ቲዋና ደርሰን ስንመለስ ሳን ኢሲድሮ የሚባለው የድንበር ኬላ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተሰለፍን። ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች በመኪኖቹ መሃል ይዞራሉ፣ ፀሐዩ ጉድ ነው፣ ከፊታችን ያለችውን መኪና አንድ ውሻ ሲዞራት ሲዞራት ቆየና የኋላ በሯ ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ። አልጮኸም ምን አላለም፣ ቁጭ ብቻ። ሹፌሯን ወዲያው አስወርደው መኪናዋን ወደ ጎን ወሰዷት። እህቴ "ዕፅ ሲሸተው እንደዛ ነው የሚያደርገው" አለችኝ።

እኔ ትዝ ያለኝ ዲሲ የቀበርነው የጎረቤታችን ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነበር፣ ጥርሱን አሞት ከጓደኛው ፐርኮሰት (የሕመም ማስታገሻ) ነው የተባለ ሰማያዊ ክኒን ተቀብሎ ዋጠ፣ ፌንታኒል የሚሉት ከባድ ሰው ሠራሽ ዕፅ ሆኖ ተገኘ። እናቱ ለቅሶው ላይ "አንድ ክኒን እኮ ነው፣ አንድ" እያለች ነው የዋለችው። 2 ሚሊግራም ሰው ለመግደል ትበቃለች፣ እርሳስ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ነገር። በ2022 ብቻ እዚህ አገር ወደ 108,000 ሰው በኦቨርዶዝ (ዕፅ ከልክ በላይ ወስዶ) ሞቷል፣ አብዛኛው በፌንታኒል፣ አሜሪካ በቬትናም ጦርነት በሙሉ ያጣችው 58,000 አካባቢ ነው።

ስለዚህ ድንበሩ የአገር ደህንነት ጉዳይ ነው ሲሉ እኔም አምናለሁ። የሚያናድደኝ ቲቪው ቦርደር ባለ ቁጥር አጥር የሚዘል ስደተኛ ማሳየቱ ነው። ከብራዚል ተነስተው ኮሎምቢያና ፓናማ መሃል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግራቸው አቋርጠው የመጡ የኛ ልጆች አሉ እኮ፣ እነሱን ዕፅ ከሚነግደው ካርቴል ጋር አንድ ላይ መጥራት ግፍ ነው። በ2023 በጀት ዓመት ወደ 27,000 ፓውንድ ፌንታኒል ተይዟል፣ አብዛኛው እንደ ሳን ኢሲድሮ ባሉ ኬላዎች በመኪና ሲገባ፣ በፌንታኒል ዝውውር ከሚፈረድባቸው ደግሞ ከ10ሩ 8ቱ የሚሆኑት አሜሪካዊ ዜጎች ናቸው። በረሃው ላይ ሳይታይ የሚያልፍ አለ የሚሉ አሉ፣ ይኖራል፣ ግን ካርቴሉ ምን ነካውና ያን ሁሉ ገንዘብ ሊያዝ በሚችል ስደተኛ ጀርባ ይጭናል፣ ፓስፖርት ያለው ሹፌር እያለለት? ዕቃው ትንሽ ነው፣ የመኪና በር ውስጥ ይገባል። ለአጥሩ የሚፈሰው ብር ኬላው ላይ ስካነርና ፈታሽ ቢጨምር ነው የሚሻለው።

የሜክሲኮዎቹን ሲናሎአና ሀሊስኮ ካርቴሎች የአሜሪካ መንግሥት በፌብሯሪ 2025 አሸባሪ ብሎ ፈርጇቸዋል፣ ይሁን። ግን ሜክሲኮ ውስጥ ተይዞ ምንጩ ከሚጣራው የጦር መሣሪያ አብዛኛው ከዚሁ ከአሜሪካ የሄደ ነው። እኛ ጠዋት ወደ ቲዋና ስንወጣ በአሜሪካ በኩል መኪናችንን ያስቆመ አንድ ሰው አልነበረም።