የኤስፔራንቶ መዝገበ ቃላት ስመርጥ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ የተማርኩት

ኤስፔራንቶ ስጀምር ስልኬ ይበቃኛል ብዬ ነበር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን ሥራ ላይ ስለምውል የማነበው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል። በዚያ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሻማ አብርቼ የምገልጠው ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ የታተመ መዝገበ ቃላት መፈለግ ጀመርኩ።

ኤስፔራንቶ ዛመንሆፍ የተባለ የዓይን ሐኪም ራሱ ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ አሳትሞ ያወጣው ቋንቋ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ የነበሩት ሥርወ ቃላት 900 ገደማ ብቻ ናቸው። ሌላው ከእነሱ እየረባ ይወጣል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ከአማርኛ ወደ ኤስፔራንቶ የሚወስድ መዝገበ ቃላት ስላላገኘሁ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ግድ ሆነብኝ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ኮፒ ነበር። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ አንዲት አሮጌና ቀጭን መዝገበ ቃላት ነበረቻት፤ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ላከችልኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን የምጽፈው ሁሉ የተምታታ ሆነ። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የኤስፔራንቶ ፊደላት 28 ናቸው። ከእነሱ ስድስቱ አናታቸው ላይ ምልክት አላቸው፤ አምስቱ ባርኔጣ የመሰለ ነገር ደፍተዋል። ኮፒው ያንን ትንሽ ምልክት በልቶታል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰ ላይ ሰረዝ ስንጨምርበት ሸ ይሆናል። ተ ቸ ይሆናል፣ ደ ጀ ይሆናል። የኤስፔራንቶውም ባርኔጣ ሥራው ይኸው ነው፤ የ«ሰ»ውን ድምፅ «ሸ» ያደርገዋል። «ሚ ሳታስ» ማለት ጠግቤያለሁ ነው። «ሚ ሻታስ» ማለት ደግሞ እወዳለሁ። ልዩነቱ አንዲት ባርኔጣ ናት። እኔ ለተዋወቅኳት የውጭ አገር ልጅ «ሙዚቃ እወዳለሁ» ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ «ሙዚቃ ጠግቤያለሁ» ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መዝገበ ቃላት ሳይ መጀመሪያ የማየው ምልክቶቹ በደንብ መለየታቸውን ነው። በሻማ ብርሃን ካልታዩኝ አልፈልገውም። ቅደም ተከተሉንም ማወቅ ይጠቅማል፤ በባርኔጣው «ሸ» የሚጀምሩ ቃላት የ«ሰ»ዎቹ በሙሉ ካለቁ በኋላ ነው የሚመጡት። እኛም ሸን ከሰ ቀጥለን እንደምናስቀምጠው ማለት ነው።

ያቺ ቀጭን መጽሐፍ ሌላም ጉድለት ነበራት። ከእንግሊዝኛ ወደ ኤስፔራንቶ ብቻ ነው የምትሄደው። መጻፍ ለሚፈልግ ደህና ናት። ጀማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነብ ሰው ነው፤ የሚፈልገው የተገላቢጦሹን ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ስስት ነው። ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ሊመጣ ሲል «ትልቁን አምጣልኝ» አልኩት። ምስኪን፣ ተሸክሞ አመጣልኝ። ፕሌና ኢሉስትሪታ ቮርታሮ ይባላል፤ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ ከዚያ ወዲህም እየታደሰ ወጥቷል። ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። እጅግ የተከበረ ሥራ ነው፣ ግን ከዳር እስከ ዳር በኤስፔራንቶ ነው የተጻፈው። አንድ ቃል ለማወቅ ስገልጠው አምስት የማላውቃቸው ቃላት ይጠብቁኛል። ይባስ ብሎ ይኸው መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ እንደሚገኝ በኋላ ሰማሁ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ከዚያ ማየት ይቻል ነበር።

ዓይኔን የከፈተልኝ አያቴ ናቸው። መንዝ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ግስ ያወረዱ ሰው ናቸው። ለገና ልጠይቃቸው ስሄድ ያን ትልቅ መጽሐፍ ይዤ ነበር።

«ምንድነው የምትቆፍሪው?» አሉኝ።

«አባባ፣ አንድ ቃል ጠፍቶኝ ነው። ማልሳኑሌዮ ይላል። መ ላይ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም።»

«ሥሩስ?»

«ሥሩን አላውቀውም።»

«እንግዲያማ ምን ታገኛለሽ! መንግሥትን መ ላይ ትፈልጊያለሽ እንዴ? ነገሠ ብለሽ ነው እንጂ።»

ከዚያ ከመደርደሪያቸው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት አወረዱ፤ በ1948 የታተመውን። በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። አገላብጠው ነገሠን አወጡና ከሥሩ የተሰለፈውን ዘር በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ። እኔም ቃሌን ቁጭ ብዬ በተንሁት። «ሳን» ጤና ነው። «ማል» ከፊት ሲገባ ተቃራኒ ያደርገዋል፤ ሕመም ሆነ። «ኡል» ሰው ነው፤ ሕመምተኛ። «ኤይ» ቦታ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኦ» ስም መሆኑን ትናገራለች። ሆስፒታል! «ሳን» የሚለው ላይ ሄጄ ስገልጥ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ አገኘሁት። አያቴ «እንዲህ ነው ግስ» ብለው መጽሐፋቸውን መልሰው ጠቀለሉ።

ሦስተኛውን ስመርጥ ይህን ይዤ ነው። የአክስቴ ልጅ ተመልሶ ከሄደ በኋላ እንግሊዛዊው የሥነ ድምፅ ምሁር ጆን ዌልስ ያዘጋጁትን አገኘልኝ፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ፣ በ2010 ታድሶ የታተመ ነው። ሁለቱንም አቅጣጫ በአንድ ጥራዝ ይዟል። ግን በስሙ ብቻ ግዛ አላልኩትም። ገጾቹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክልኝ ለመንኩት። «ማል» ለብቻዋ ተጽፋ ትርጉም ተሰጥቷታል ወይ? ምልክቶቹ ጎልተው ይታያሉ ወይ? እንግሊዝኛው ጋ ገብቶ ደግሞ «መፍላት»ን እንዲያይልኝ ነገርኩት።

ለምን መፍላትን? እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሰው ያሳስታል። ውሃው ፈላ ለማለትም፣ ውሃ አፈላሁ ለማለትም አንዱን ግስ ነው የሚጠቀመው። ኤስፔራንቶ ግን እንደ አማርኛ ይለያቸዋል። ፈላ «ቦሊ» ነው፣ አፈላ «ቦሊጊ»። የእኛ «አ» የምትሠራውን እዚያ «ኢግ» ትሠራዋለች። ነደደ «ብሩሊ» ነው፣ አነደደ «ብሩሊጊ»። መዝገበ ቃላቱ ይህን ካልለየልህ «ጀበናው ፈላ» ብለህ የጀመርከውን «ጀበናው አፈላ» ብለህ ትጨርሰዋለህ። ያቺ ቀጭኗ ኮፒ አንዱን ብቻ ጽፋ ትተወው ነበር። ፎቶው ሲመጣ ሁለቱም ለየብቻ ተጽፈው አየሁ፤ «ግዛው» አልኩት።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ መካከለኛ መጠን ያለው፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ያዙ። ትልቁን ለዓመት በኋላ አቆዩት። እኔ ራሴ አሁን ትልቁን መግለጥ ጀምሬያለሁ፤ የማላውቃቸው ቃላት ከአምስት ወደ አንድ ወርደዋል።

አዲሱ ላይ በእርሳስ አማርኛውን ዳር ዳር እየጻፍኩበት ነው። ቦሊ አጠገብ ፈላ፣ ቦሊጊ አጠገብ አፈላ። በማታ አሥር ቃል፣ ከበረታሁ አሥራ አምስት። ትናንት «ከ»ን ጀመርኩ።